በረንዳ ላይ ለሚያድሩ ሰዎች አጎበር መግዛት ይጠቅማል ወይ? (ከጅማ)

ባለሱቁ፦

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ጅማ መርካቶ አካባቢ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ አለኝ። ማታ ዘግቼ ስወጣ በእኔም በጎረቤቶቼም በረንዳ ላይ የሚያድሩ ሰዎች ካርቶንና ማዳበሪያ ከረጢታቸውን ማንጠፍ ይጀምራሉ። ከእነርሱ መካከል ተሸካሚዎች፣ ሊስትሮ የሚሠሩ ልጆች፣ ለቡና ለቀማ ከሩቅ መጥተው ሥራው ሲያልቅ የመሳፈሪያ ገንዘብ ያጡ ወጣቶች፣ እንዲሁም ሕፃን የያዘች አንዲት እናት ይገኙበታል። መስከረም ከጠባ ወዲህ ከመካከላቸው በትኩሳት የሚንቀጠቀጥ ሰው ያልታየበት ሳምንት የለም ማለት ይቻላል።

የሰፈሩ ነጋዴዎች ተነጋግረን ጥቂት ገንዘብ አዋጥተናል። የብዙዎቻችን ሐሳብ በፀረ ትንኝ መድኃኒት የተነከረ አጎበር ገዝተን ማደል ነው። ከመግዛታችን በፊት ግን የሚያውቁ ሰዎችን መጠየቅ ፈለግሁ። ግድግዳና ጣሪያ በሌለበት ቦታ አጎበር በእርግጥ ይሠራል ወይ? ከታመሙት አንዱን ወደ ጤና ተቋም ወስጄው ጣቱን ተወግቶ ሲመረመር ወባ የለብህም ተባለና ማስታገሻ ተሰጥቶት ተመለሰ፤ ትኩሳቱ በጥቂት ቀናት ለቀቀው፣ ዳነ ብለን ስንደሰት ከሳምንት በኋላ እንደገና ጣለው። ይህስ ምን ዓይነት በሽታ ሊሆን ይችላል? ደግሞም ሰዎቹ ራሳቸውን ከነፍሳት የሚከላከሉበት የየራሳቸው ዘዴ እንዳላቸው አያለሁ፤ ከዘዴዎቻቸው የትኛውን ብናግዝ ይሻላል፣ የትኛውስ መልሶ ይጎዳቸዋል? በዝርዝር ብትጽፉልኝ ውለታችሁ ትልቅ ነው።

ከማይክሮስኮፕ ጀርባ፦

ወንድሜ፣ ከሁለተኛው ጥያቄዎ እጀምራለሁ፤ እርሱ የመጀመሪያውን መልስ ስለሚለውጠው ነው። ሙያዬ ላቦራቶሪ ነው። በድንገት ጀምሮ ከ3 እስከ 6 ቀን የሚቆይ፣ ለቅቆ ሳምንት ገደማ ካሳረፈ በኋላ የሚመለስ ትኩሳት፣ ያውም ልብሱን ለመቀየር ዕድል በሌለውና ከሌሎች ጋር ተጣብቆ በሚያድር ሰው ላይ ሲታይ፣ ከወባ እኩል መታሰብ ያለበት በቅማል የሚተላለፈው የሚያገረሽ ትኩሳት ነው። አምጪው ቦሬሊያ ሬከረንቲስ የተባለ ጠመዝማዛ ባክቴሪያ ሲሆን፣ ከብዙ የዓለም ክፍሎች ከጠፋ ብዙ ዘመን ቢሆነውም በአገራችን ግን እስከ ዛሬ አልጠፋም። የደርግ ጦር በተበተነበት በ1983 ዓ.ም. ወታደሮቹ በተሰበሰቡባቸው ካምፖች ውስጥ ብዙ ሰው ያጠቃው ይኸው በሽታ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ ከሐምሌ እስከ ኅዳር ባሉት ወራት በአርሲ ዞን በከተማ ነዋሪዎች ላይ ተነሥቶ ነበር። ዝናብና ብርድ ሰውን በአንድ ብርድ ልብስ ሥር ሲያከማች ይበረታል።

አሁን ወደ ምርመራው ልመለስ። ጣት ተወግቶ ደሙ በትንሿ ፕላስቲክ ላይ ጠብ የሚደረግበት ፈጣን ምርመራ የሚያሳየው የወባ ተውሳክ የሚያመነጨውን ፕሮቲን ብቻ ነው። ስለዚህ ውጤቱ «ወባ የለም» ሲል ወባ የለም ማለቱ እንጂ ሰውየው ጤነኛ ነው ማለቱ አይደለም። ደሙ በስላይድ ተቀብቶ፣ በጊምሳ ቀለም ተቀልሞ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ግን ሁለቱም በአንድ ስላይድ ላይ ይገኛሉ፤ ወባው በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ተቀምጦ፣ ቦሬሊያው ደግሞ በሕዋሳቱ መካከል እንደ ተጠማዘዘ ሐምራዊ ክር ሆኖ ይታያል። አንድ ሰው ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ሊይዝም ይችላል። ናሙናው መወሰድ ያለበት ትኩሳቱ በበረታበት ሰዓት ነው፤ ትኩሳቱ ለቅቆ ሰውየው በእግሩ መሄድ ሲጀምር የተወሰደ ደም ብዙ ጊዜ ምንም አያሳይም። እንግዲህ ታማሚውን ሲያደርሱት «በረንዳ ላይ ነው የሚያድረው፣ ልብሱ ላይ ቅማል አለ፣ ትኩሳቱ ተመላልሶበታል፣ በስላይድ ይታይልን» ብለው በግልጽ ይናገሩ። ታማሚው ራሱ ስለ ቅማሉ አይናገርም፤ ማንም ሰው ቢሆን ያፍራል።

ሕክምናው ርካሽ አንቲባዮቲክ ነው። ሳይታከም ከቀረ ከ100 ታማሚዎች ከ10 እስከ 40 የሚሆኑትን ሊገድል ሲችል፣ በጊዜው ሲታከም ቁጥሩ ከ5 በታች ይወርዳል። ሆኖም አንድ ብርቱ ጥንቃቄ አለው። የመጀመሪያው መድኃኒት በተወሰደ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ባክቴሪያው በብዛት ሲሞት ታማሚው ከበፊቱ የባሰ ይንቀጠቀጣል፣ ትኩሳቱ ይጨምራል፣ ከዚያም የደም ግፊቱ በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ይችላል። በዚያ ሰዓት በጤና ተቋም ውስጥ ሆኖ ሊጠበቅ ይገባዋል። ከመድኃኒት ቤት ቴትራሳይክሊን ገዝቶ ማታ በረንዳ ላይ ለብቻው መዋጥ ለዚህ በሽታ አይሆንም፤ ይህን ለሰዎቹ በተለይ ንገሯቸው፣ የተለመደ ነገር ነውና።

ተስቦ ወይም ታይፈስ የምንለውንም የምታመላልሰው ይህችው የልብስ ቅማል ናት፤ እዚያ ላይ አልዘገይም፣ መከላከያው አንድ ነው፤ ልብስን በመቀቀል ወይም በሙቀት ከቅማል ማጽዳት።

ዛሬ ቤት ያለኝ፦

በመናኸሪያውም በመርካቶም በረንዳ ላይ ያደርሁ ሰው ነኝ፤ ስለዚህ ሦስተኛውን ጥያቄ እኔ ልመልስ። በመጀመሪያ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን፤ ሰው በረንዳ የሚመርጠው ቢንቢ አለ ወይስ የለም ብሎ አይደለም። የሚመርጠው ደንብ አስከባሪ በሌሊት የማያስነሣው፣ ዝናብ የማይገርፈው፣ ሲነጋ ዕቃው የማይሰረቅበት የት ነው ብሎ ነው። ነፍሳት ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ይመጣሉ። በአወቱ ወንዝ ዳር ሣሩ ለስላሳ ነው፣ ማንም አይነካህም፣ ነገር ግን ገና ከመምሸቱ ትንኙ ይከብሃል። መሐል ከተማ ትንኙ ያንሳል፣ ሰው ግን ያስቸግርሃል። እያንዳንዱ ሰው በዚህ መካከል ያመዛዝናል፤ የሚያመዛዝነውንም ሰው ሰነፍ ወይም ግድ የለሽ ማለት ነውር ነው።

ዘዴዎቹን በተመለከተ፣ ነፋስ የሚመላለስበት ማዕዘን ላይ መተኛት ይጠቅማል፤ ትንኝ በነፋስ ውስጥ መብረር ይቸግራታል። ችግሩ በሐምሌና በነሐሴ የጅማ ዝናብ በማያባራበት ወቅት ያ ነፋስ ራሱ ሌላ በሽታ ነው። ስለዚህ ሰዉ የዳቦ ቤት ግድግዳ ይፈልጋል፤ የምድጃው ሙቀት በግንቡ በኩል እስከ ሌሊቱ መጨረሻ ይወጣል። እዚያ ቦታ ስለሚወደድ ሦስትና አራት ሰው በአንድ ብርድ ልብስ ይተኛል፤ ቅማሉ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገረውም እዚያው ነው። ጢስ ሁላችንም እንጠቀማለን። የባሕር ዛፍ ቅጠል በካርቶን ላይ ይጨሳል፤ ጢሱ እስካለ ድረስ ትንኙ ይርቃል፣ እሳቱ ሲጠፋ ተመልሶ ይመጣል፣ ለልጆቹም ሳል ይተርፋቸዋል። አንዳንዶች ፍሊት በቀጥታ በልብሳቸው ላይ ይነፋሉ፤ ጋዝ በፀጉራቸው የሚቀቡም አሉ። አንድ ልጅ ለእህል የሚሆን የተባይ መድኃኒት በሸሚዙ ላይ ነስንሶ ለብሶ አፉ አረፋ ደፍቆ ሆስፒታል ሲወሰድ አይቻለሁ። ይህን በጥብቅ ከልክሉ።

ከሁሉ የበለጠ የተለመደው ግን የጠዋት ፀሐይ ሥራ ነው። ፀሐይ ሲሞቅ ሸሚዝ ይገለበጣል፤ ብብት ሥር ያለው ስፌት፣ የአንገቱ እጥፋት፣ የሱሪው ወገብ በጣት ይፈተሻል። ቅማሏ ከስፌቱ ተስባ ትወጣና በሁለት አውራ ጣት ጥፍሮች መካከል «ጠቅ» ትደረጋለች። ደሙ በጥፍር ላይ ይቀራል፤ ጥፍሩ በሱሪ ይጠረግና በዚያው እጅ ገላ ይታከካል፣ ዓይን ይታሻል። የሚያገረሸው ትኩሳት የሚተላለፈው ቅማሏ ስትነክስ ሳይሆን ስትጨፈለቅ ነው ሲባል ሰምቻለሁና ይህ ነገር ያሳስበኛል፤ ከማይክሮስኮፕ ጀርባ ያሉት ወንድሜ፣ ትክክል ከሆነ እባክዎ ያረጋግጡልን።

ስለ አጎበሩ ደግሞ እውነቱን ልንገርዎ። ማታ በሱቁ የብረት በር ላይ በገመድ ማሰር ይቻላል፤ አራት ማዕዘን ያለው አጎበር ግን አራት ማሰሪያ ይፈልጋል፣ በረንዳ ላይ አራት ማሰሪያ አይገኝም። በአንድ ነጥብ ብቻ የሚንጠለጠለው ክብ አጎበር ይሻላል። ዋናው ጥያቄ ጠዋት የት ይቀመጣል የሚለው ነው። ተሸክሞ መዋል አይቻልም፤ በቦይ ክዳን ሥር ቢደበቅ ይረጥባል፣ አይጥ ይበላዋል፣ ወይም የጽዳት ሠራተኞች ቆሻሻ መስሏቸው ይወስዱታል። ማታ ዘግተው ሲወጡ የሚሰጡት፣ ጠዋት ሲከፍቱ የሚቀበሉት ባለሱቅ ከሌለ አጎበሩ ወር አይሞላውም።

ሙጀሌም አትርሱ። ባዶ እግሩን የሚሄድ ልጅ ጥፍሩ ሥር ይይዘዋል፤ ማውጫው አንድ የመርፌ ቁልፍ ነው፣ ያችው መርፌ ቁልፍ ከእግር ወደ እግር ትዞራለች። ጫማ ከአጎበር ይረክሳል።

ከማይክሮስኮፕ ጀርባ፦

ትክክል ነው። ቦሬሊያው በቅማሏ ሰውነት ውስጥ ባለው ፈሳሽ ውስጥ ስለሚኖር ስትጨፈለቅ ይወጣል፤ በታከከ ቆዳ ወይም በዓይንና በአፍ እርጥብ ክፍል በኩልም ይገባል። በጥርስ የሚገድሉም አሉና እርሱ የባሰ ነው። የተለቀመችው ቅማል በፈላ ውኃ ውስጥ ወይም በፍም ላይ ብትጣል ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል፣ ጥፍርም ከደም ይድናል። ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ፤ ቅማል የትኩሳት ሙቀት ስለማይስማማት የታመመውን ሰው ትታ አጠገቡ ወደተኛው ትሸሻለች። ከአንድ ብርድ ልብስ ሥር አንዱ ሲታመም ሌሎቹ በተራ የሚወድቁት በዚህ ምክንያት ነው።

አንድ አንባቢ፦

ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ አጎበር ማደሉን አልደግፍም። የታደለ አጎበር በማግስቱ ገበያ ላይ ሲሸጥ፣ ጫት ሲጠቀለልበት፣ የዶሮ ማጠሪያ ሲሆን በዓይኔ አይቻለሁ። ከዚህም በላይ በበረንዳ ላይ አጎበር መስቀል ሰዎቹ እዚያው እንዲቀሩ ከማመቻቸት ምን ይለያል? ገንዘቡ ወደ አገራቸው መመለሻ ይሁንላቸው።

የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ፦

ለመጨረሻው አስተያየት አጭር መልስ አለኝ። የሚራብ ሰው የሚሸጥ ዕቃ ከተሰጠው ይሸጠዋል፤ መስቀያና ማስቀመጫ የሌለው ዕቃ ሲሆን ደግሞ ፈጥኖ ይሸጠዋል። ቋሚ ማደሪያ ያላቸው፣ ለምሳሌ ሌሊት በአንድ በር ላይ የሚያድሩ ዘበኞች፣ በላስቲክ ቤት ውስጥ የሚኖሩ ሰዎች፣ ሕፃን የያዙ እናቶች፣ አጎበሩን ሲጠቀሙበት አይቻለሁ። ወደ አገሩ መመለስ የሚፈልገውን መሸኘትም መልካም ነው፤ ነገር ግን ብዙዎቹ ወደ ከተማ የመጡበት ምክንያት አገራቸው እንዳለ ነው፤ ዛሬ ማታ የሚነክሳቸው ትንኝም እስኪሸኙ አይጠብቅም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ብትገኝም በአገራችን ከ2,000 ሜትር በታች ያለ ቦታ ለወባ የተጋለጠ ተብሎ ይመደባል፤ ዝናቧም በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ ውኃ የሚያቁር ጉድጓድ አታጣም። እ.ኤ.አ. በ2024 ከጥር መጀመሪያ እስከ ጥቅምት 20 ባለው ጊዜ በአገር አቀፍ ደረጃ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ታማሚዎችና 1,157 ሞት መመዝገቡን የዓለም ጤና ድርጅት አስታውቋል፤ ኦሮሚያም ከፍተኛ ቁጥር ከተመዘገበባቸው ክልሎች አንዷ ነበረች። ዋናው ወቅት ክረምቱ ካበቃ በኋላ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ደግሞ የቡና ለቀማው ወቅት በመሆኑ፣ ከደጋ አካባቢ የሚመጡና ሰውነታቸው ወባን የማያውቅ ወጣቶች ልክ ትንኙ በበዛበት ሰዓት ከተማችን ይገባሉ። ባለሱቁ የጠቀሷቸው የመሳፈሪያ ያጡ ልጆች እነዚህ ናቸው፤ ከሌሎቹ ይልቅ በጠና የሚታመሙትም እነርሱ ናቸው።

የእኛ አሠራር በቤት ላይ የተመሠረተ ነው። አጎበር የሚታደለው በቤተሰብ ቁጥር ተሰልቶ፣ ለሁለት ሰው አንድ በሚል ሒሳብ ነው፤ የቤተሰብ ፎልደር፣ ማለትም በእኛ ዘንድ የቤተሰብ የጤና መዝገብ የሌለው ሰው በዚያ ሒሳብ ውስጥ አይገባም። የፀረ ትንኝ ርጭቱም የሚረጨው በቤት ውስጥ ግድግዳ ላይ ሲሆን፣ የሚሠራውም ትንኟ ደም ከመጠጠች በኋላ በዚያ ግድግዳ ላይ ስታርፍ ነው፤ ግድግዳ ለሌለው ሰው ርጭት የለም ማለት ነው። ይህን የምጽፈው ለማማረር ሳይሆን ገንዘባችሁ የትኛውን ክፍተት እንደሚሞላ እንድታውቁት ነው።

በአካባቢያችን ወባን በዋናነት የምታስተላልፈው አኖፌለስ አረቢየንሲስ የተባለችው ትንኝ ናት። ከቤት ውጭም ትነክሳለች፣ ሰው ከመተኛቱ በፊት ገና ከምሽቱ 1 ሰዓት ጀምሮ ትወጣለች፤ ስለዚህ በረንዳ ላይ ያለ አጎበር ጥሩ ቢሰቀል እንኳን የሌሊቱን እንጂ የማምሻውን ንክሻ አያስቀርም። የምትራባው ፀሐይ በሚያገኘው፣ ብዙም ባልቆሸሸ፣ ዝናብ ባቆረው ውኃ ነው፤ በቦዬ ረግረግ ዳርቻ፣ ለጡብ አፈር በተቆፈረበት፣ ግንባታ ተጀምሮ በተተወበት ጉድጓድ። በከተማው የቆሻሻ ቦይ ላይ የምትጮኸው ሌላ ዓይነት ናት፤ እንቅልፍ ትነሳለች እንጂ ወባ አታስተላልፍም። ይህን የምነግራችሁ ብዙ ሰው በቦዩ ሽታ ተቆጥቶ ገንዘቡን ቦይ በማስጠረግ ስለሚጨርስ ነው። ቦይ ማስጠረግ በራሱ መልካም ሥራ ነው፤ ወባን ግን አይቀንስም። በአቅራቢያችሁ ውኃ ያቆረ የግንባታ ጉድጓድ ካለ እርሱን ማስደፈን ይቀድማል።

በሰውነት ላይ የሚቀባ፣ ዲት የተባለ ትንኝ የሚያባርር ንጥረ ነገር ያለበት ቅባት ለማምሻው ሰዓት ይሠራል፣ ግን ዋጋው በየቀኑ ለሚጠቀም ሰው ይከብዳል። ከእርሱ የተሻለው ብርድ ልብሱን ወይም ጋቢውን ፐርሜትሪን በተባለ ፀረ ነፍሳት መድኃኒት ማስነከር ነው። ይህ ሐሳብ ከእኔ የመነጨ አይደለም፤ በፓኪስታን ውስጥ በነበሩ የአፍጋን ስደተኞች ካምፖች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ሴቶቹ የሚከናነቡትን ነጠላና ማታ የሚለብሱትን አንሶላ በፐርሜትሪን በማስነከር በተለይ በልጆችና በወጣቶች ላይ ወባ ቀንሶ ተገኝቷል። ተሸክመውት የሚውሉት፣ ማምሻውንም የሚከናነቡት ነገር ስለሆነ መስቀያ አያስፈልገውም። ለልብስ ተብሎ የተዘጋጀውን መድኃኒትና መጠኑን ግን ባለሙያ ይንገራችሁ፤ ለእርሻ የሚሸጠውን በማንኛውም መልኩ አትጠቀሙ።

ስለ ሕክምናው፣ በመንግሥት ጤና ተቋም የወባ ምርመራና መድኃኒት በነፃ ነው፤ ይህን የማያውቅ ብዙ በረንዳ አዳሪ አለ። ሌላው ሕክምና ግን ወይ ገንዘብ ወይ የጤና መድህን ይጠይቃል። መድህኑ አቅም ለሌላቸው በመንግሥት የሚሸፈንበት አሠራር ቢኖርም፣ የሚመረጡት በቀበሌ የሚታወቁ ሰዎች ስለሆኑ መታወቂያ የሌለው ይቀራል። ከተዋጣው ገንዘብ ጥቂቱን ለካርድና «ወባ የለም» ከተባለ በኋላ ላለው ምርመራ ብታስቀምጡ የምታድኑት ሰው አለ። ኮአርተም የተባለው የወባ መድኃኒት የታዘዘለት ሰው ለ3 ቀን፣ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ከምግብ ጋር መዋጥ አለበት፤ በባዶ ሆድ ከተዋጠ ወደ ደም የሚገባው መጠን ያንሳል። ለ3 ቀን ቁርስና እራት ማብላት እንግዲህ የሕክምናው አካል ነው። ቫይቫክስ የተባለው የወባ ዓይነት ሲሆን ለ14 ቀን የሚወሰድ ፕሪማኪን ይጨመራል፤ እንክብሉን በኪሱ ይዞ ዝናብ ከሚያረጥብበት፣ እርስዎ በሱቅዎ አስቀምጠው በየቀኑ ቢሰጡት ይሻላል።

ባለሱቁ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ከጠበቅሁት በላይ ተማርሁ። ከጎረቤቶቼ ጋር ተነጋግረን አጎበር የምንገዛው ለእናቲቱና ቋሚ ቦታ ላላቸው ብቻ እንዲሆን፣ እርሱም በአንድ ነጥብ የሚንጠለጠለው ዓይነት እንዲሆን፣ ጠዋት ጠዋትም እኛ ዘንድ እንዲቀመጥ ተስማምተናል። ቀሪውን ገንዘብ ልብስ ለመቀቀያና ለሕክምና ማዋል እንፈልጋለን። ሁለት ነገር ግን ያሳስበኛል። የብዙ ሰው ልብስ በአንድ ጊዜ በምን እንቀቅላለን? ደግሞም እኔ ጨርቅ ሻጭ ነኝ፤ የእነርሱን ከረጢት ሱቄ ውስጥ ባስቀምጥ ቅማሉ ወደ ጣቃዬ አይገባብኝም ወይ? ጎረቤቶቼ በዚህ ምክንያት እያመነቱ ነው።

ከማይክሮስኮፕ ጀርባ፦

ስጋትዎ ተገቢ ነው፤ ሆኖም የልብስ ቅማል አትዘልም፣ አትበርም፣ ደም ካላገኘችም ከሰው ተለይታ ከሳምንት ብዙም አትቆይም። በወፍራም ላስቲክ ከረጢት አጥብቀው አስረው ከጨርቁ ራቅ አድርገው፣ ለምሳሌ በመጸዳጃው በኩል ባለው መደርደሪያ ላይ ቢያስቀምጡት ወደ ጣቃው አትደርስም። እንዲያውም ከረጢቱ ራሱ ሕክምና ሊሆን ይችላል። አንድ ሰው ሁለት ቅያሪ ካለው፣ አንዱ ታስሮ 2 ሳምንት ሲቆይ በስፌቱ ውስጥ ያለው ቅማልም ቅጫምም ያልቃል፤ ያለ ማገዶ፣ ያለ ኬሚካል።

ለመቀቀሉ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1915 ሰርቢያ በተስቦ ስትፈጅ የተሠራበት ዘዴ ዛሬም ይሠራል። ሥሩ የተበሳሳ በርሜል ውኃ በሚፈላበት ድስት ወይም ጎላ ላይ ይቀመጣል፤ ልብሱ በበርሜሉ ውስጥ ሳይጨናነቅ ይደረደራል፣ ክዳኑ ይከደናል፣ እንፋሎቱም ከሥር ወደ ላይ ይወጣል። ልብሱ ስለማይነከር ብዙ ውኃ አይፈልግም፣ በቶሎም ይደርቃል፤ በጅማ ክረምት ይህ ትልቅ ነገር ነው። በእንፋሎቱ መሐል ያለው ልብስ በደንብ መጋሉን ሳያረጋግጡ አያውጡ። ብርድ ልብሱም አብሮ መግባት አለበት፤ ልብሱ ተቀቅሎ ብርድ ልብሱ ከቀረ ሥራው በማግስቱ ይፈርሳል። ለኮትና ለወፍራም ሱሪ የከሰል ካውያ በስፌቱ ላይ ቀስ ብሎ ማስኬድ ይበቃል።

ፈረንሳይ ውስጥ ማርሴይ ከተማ ለቤት አልባ ሰዎች በፐርሜትሪን የተነከረ የውስጥ ልብስ ተሰጥቶ ነበር፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቅማሉን ቢቀንስም ውጤቱ አልቆየም፣ ቅማሉም መድኃኒቱን እየተላመደ ሄደ። ስለዚህ ነክሮ ማልበስ ለትንኝ ይሁን፤ ለቅማል ሙቀት ይቅደም፣ እርሱም ደጋግሞ።

ዛሬ ቤት ያለኝ፦

በርሜሉ ጥሩ ነው፤ ሰዎቹ ግን ልብሳቸው እስኪወጣ ምን ለብሰው ይቆያሉ? ብዙዎቹ የለበሱት ብቻ ነው ያላቸው። ከሳልባጅ ተራ ቁምጣና ቲሸርት ገዝታችሁ መቀየሪያ አድርጉ፤ እርሱ ከሌለ አንድም ሰው አይመጣም። ለሴቶቹ የተለየ ሰዓትና የተሸፈነ ቦታ ያስፈልጋል፤ የምታስተናግዳቸውም ሴት ትሁን። ሻወር ቤት ከፍላችሁ ገላቸውን ታጥበው ወዲያው ንጹሑን እንዲለብሱ አድርጉ። «የቅማል ማጥፊያ ቀን» ብላችሁ አትጥሩት፣ የልብስ ማጠቢያ ቀን በሉት።

ቀኑ ሐሙስ እንዳይሆን፤ ገበያ ስለሆነ ተሸካሚ አይመጣላችሁም። ዓርብ ከጁምዓ በፊትም ይጨናነቃል። እሑድ ጠዋት ከ3 ሰዓት በኋላ ሥራ ይቀዘቅዛል፣ ፀሐይም ካለች ልብሱ እስከ ቀትር ይደርቃል። በርሜልና ብየዳ ለሚሠሩት እኔ አነጋግራቸዋለሁ፤ የሱቅዎን አቅጣጫ በውስጥ መስመር ይላኩልኝ።